የስም መጨረሻዎች ከየት መጡ? ከኢዕራብ ተነስተን ወደ ጥንታዊው ኢንዶ-አውሮፓዊ ቋንቋ

ቢስሚላሂር ረሕማኒር ረሒም



ነህው የቀራ ሰው «ዘይዱን»፣ «ዘይደን» እና «ዘይዲን» ሦስት ሰዎች እንዳልሆኑ ያውቃል። ዘይድ አንድ ነው። መጨረሻው ላይ ያለችው ደማ፣ ፈትሃ ወይም ከስራ ግን ዘይድ በዓረፍተ ነገሩ ውስጥ ምን ቦታ እንዳለው ትነግረናለች። ፋዒል ከሆነ መርፉዕ፣ መፍዑል ከሆነ መንሱብ፣ ሐርፈ ጀር ከቀደመው ደግሞ መጅሩር ይሆናል። ይህን ኢዕራብ እንለዋለን። ብዙዎቻችን በልጅነታችን በቃላችን ስለያዝነው፣ እንዲህ ያሉ መጨረሻዎች ራሳቸው እንዴት እንደሚፈጠሩ ጠይቀን አናውቅም።

የዛሬው ትምህርታችን ይህን ጥያቄ ያነሳል፤ የሚያነሳው ግን ስለ ዓረብኛ ሳይሆን ስለ ሌላ የቋንቋ ቤተሰብ ነው። ሳንስክሪት፣ ፋርስኛ፣ ግሪክኛ፣ ላቲን፣ ሩሲያኛ፣ ጀርመንኛና በየቀኑ የምንማርበት እንግሊዝኛ ከአንድ እናት ቋንቋ የወጡ ናቸው። ምሁራን ይህችን እናት ፕሮቶ ኢንዶ-አውሮፓዊ ይሏታል። ከዛሬ 5,000 እስከ 6,000 ዓመት ገደማ በፊት ትነገር እንደነበር አብዛኞቹ ይስማማሉ። ተናጋሪዎቿ አንድም ጽሑፍ አልተዉልንም። ሆኖም ስሞቿ እንዴት ይረቡ እንደነበር፣ ከዚያም አልፎ የእርባታው የትኛው ክፍል ቀድሞ የትኛው ዘግይቶ እንደመጣ ብዙ ማለት ተችሏል።

ጉዳዩ ለእኛ ሁለት ጥቅም አለው። አንደኛ፣ የቀራነውን ነህው ከውጭ ሆነን እንድናየው ያደርገናል። ሁለተኛና ዋናው፣ የማስረጃን ክብደት መለየት ያስተምረናል። በየዶርሙ «ይህ የእንግሊዝኛ ቃል ዓረብኛውን ይመስላል፤ ስለዚህ ከዓረብኛ የተወሰደ ነው» የሚል ወሬ ሳንሰማ አንከርምም። ዒልም የሚፈልግ ሰው ደግሞ የቂኑን ከዘኑ መለየት አለበት።

1. ኢዕራብ ዓረብኛ ላይ ብቻ አይገኝም

«ተኩላ» የሚለውን ቃል እንውሰድ። ባለቤት ሲሆን፣ ማለትም በእኛ አነጋገር መርፉዕ ሲሆን፣ በሳንስክሪት ቭርካስ፣ በግሪክኛ ሉኮስ፣ በላቲን ሉፑስ፣ በሊቱዌንያኛ ቪልካስ፣ በጥንታዊው የጀርመን ወገን በጎቲክ ደግሞ ዉልፍስ ይባላል። ሁሉም በ«ስ» ይጨርሳሉ። ተሳቢ ሲሆን፣ ማለትም መንሱብ ሲሆን፣ በሳንስክሪት ቭርካም፣ በላቲን ሉፑም፣ በግሪክኛ ሉኮን ይሆናል። «ስ» ወጥታ «ም» ወይም «ን» ገባች ማለት ነው።

ከሁሉም መጨረሻዎቹን በተሟላ መልክ የያዘችው ሳንስክሪት ናት። ስምንት ቦታ አላት፤ ለነህው ተማሪ እንዲህ ብንደረድራቸው ይቀላል።

ቭርካስ፦ ተኩላ (መርፉዕ)
ቭርካም፦ ተኩላን (መንሱብ)
ቭርካስያ፦ የተኩላ (ሙዳፍ ኢለይህ)
ቭርካያ፦ ለተኩላ (ዓረብኛ «ሊ» የሚልበት)
ቭርካት፦ ከተኩላ («ሚን» የሚልበት)
ቭርኬና፦ በተኩላ («ቢ» የሚልበት)
ቭርኬ፦ ተኩላ ላይ፣ ተኩላ ውስጥ («ፊ» የሚልበት)
ቭርካ፦ ተኩላ ሆይ! («ያ» የሚልበት)

ዓረብኛ በሦስት መጨረሻና በሑሩፈ ጀር የሚሠራውን ሳንስክሪት በስምንት መጨረሻ ትሠራዋለች። እኛም በአማርኛ «ለ»፣ «ከ»፣ «በ»ን ከፊት እያስቀደምን፣ «ን»ን ከኋላ እየቀጠልን እንሠራዋለን። ሥራው አንድ ነው፤ መሣሪያው ይለያያል። ቁጥሩም እንደ ዓረብኛ ሦስት ነው፦ ሙፍረድ፣ ሙሰና እና ጀምዕ። ሙሰና በሳንስክሪትም በጥንታዊ ግሪክኛም አለ፤ በስሎቬንያ ቋንቋ እስከ ዛሬ ይነገራል።

2. ያልተጻፈ ነገር እንዴት ይታወቃል?

እ.ኤ.አ. በ1786 ዓረብኛና ፋርስኛ ያጠናው እንግሊዛዊው ዳኛ ዊልያም ጆንስ ካልካታ ላይ ባደረገው ንግግር፣ ሳንስክሪት፣ ግሪክኛና ላቲን በአጋጣሚ ሊሆን በማይችል ደረጃ እንደሚመሳሰሉና ምናልባትም አሁን ከሌለ አንድ ምንጭ እንደወጡ ተናገረ። እ.ኤ.አ. በ1816 ጀርመናዊው ፍራንዝ ቦፕ የግስ እርባታቸውን በዝርዝር አነጻጽሮ መጽሐፍ አሳተመ። ከዚያ በኋላ ነገሩ ዘዴ ያለው ጥናት ሆነ።

ዘዴው መመሳሰልን ማየት ብቻ አይደለም። ዋናው ሕግ ነው። ላቲን «ፐ» ባለበት የጀርመን ወገን «ፈ» ይላል። ፓተር በእንግሊዝኛ ፋዘር ነው፤ ፔስ (እግር) ፉት ነው፤ ፒስኪስ (ዓሣ) ፊሽ ነው። አንድ ጊዜ ሳይሆን በተደጋጋሚ፣ በሥርዓት። ሕጉን የማያልፍ መመሳሰል ውድቅ ነው። በፋርስኛ «ባድ» ማለት መጥፎ ማለት ነው፤ በእንግሊዝኛም «ባድ» መጥፎ ነው። ቋንቋዎቹ ዘመዳሞች ናቸው፤ ሁለቱ ቃላት ግን ዝምድና የላቸውም። የተገናኙት በአጋጣሚ ነው። እንግዲህ ዘመዳሞች መሆናቸው በታወቀ ቋንቋዎች መካከል እንኳ መመሳሰል ብቻውን ማስረጃ ካልሆነ፣ የዓረብኛው «አርድ» እና የእንግሊዝኛው «ኧርዝ» መመሳሰል ለምን እንደማይበቃ ግልጽ ነው።

ለደረሳ የሚቀርበው ምሳሌ የሙተዋቲር ዘገባ ነው። ተገናኝተው ሊስማሙ የማይችሉ ብዙ ሰዎች ከየአቅጣጫው አንድ ነገር ካወሩ ምንጩ እውነት ነው እንላለን። ሳንስክሪት በሕንድ፣ ላቲን በኢጣሊያ፣ ሊቱዌንያኛ በባልቲክ ባሕር ዳርቻ ተራርቀው ሳለ ባለቤቱን በ«ስ» ከጨረሱ፣ ያችን «ስ» ሁሉም ከአንድ ምንጭ ወርሰዋታል።

የዘዴው ትልቁ ፈተና የመጣው በኋላ ነው። ስዊዘርላንዳዊው ፈርዲናንድ ደ ሶስዩር የ21 ዓመት ወጣት ሳለ፣ የአናባቢዎቹ መለዋወጥ ሊገባ የሚችለው በየትኛውም የታወቀ ቋንቋ ውስጥ ያልቀሩ ድምፆች በጥንተ ቋንቋው ነበሩ ካልን ነው አለ። ድምፆቹን የሰማቸው ወይም ተጽፈው ያያቸው ሰው አልነበረም። እ.ኤ.አ. ከ1906 ጀምሮ በዛሬይቱ ቱርክ ቦጋዝኮይ በተባለ ቦታ የኬጢያውያን ነገሥታት የሸክላ ጽላቶች በብዛት ተቆፍረው ወጡ። እ.ኤ.አ. በ1915 የቼኩ ምሁር ቤድርዥክ ህሮዝኒ ቋንቋው ኢንዶ-አውሮፓዊ መሆኑን አሳየ። እ.ኤ.አ. በ1927 ደግሞ ፖላንዳዊው የርዚ ኩሪዎቪች፣ ሶስዩር በስሌት ካስቀመጣቸው ድምፆች መካከል በኬጢኛ «ኸ» ሆነው የተጻፉ እንዳሉ አስረዳ። ሶስዩር እ.ኤ.አ. በ1913 ስለሞተ ይህን አላየም።

አንድ ምሳሌ እንይ። በኬጢኛ «ኸንት» ማለት ግንባር፣ ፊት ማለት ነው። በግሪክኛ «አንቲ» ማለት ከፊት ለፊት፣ በተቃራኒ፤ በላቲን «አንቴ» ማለት ደግሞ በፊት ነው። በእነዚህ «ኸ» ጠፍቷል። መጨረሻ ላይ ያለችው «ኢ» ደግሞ የቦታ መጨረሻ ናት። «አንቲ» በመነሻው «ግንባር ላይ» ማለት ነበር። ስሙ ራሱ በግሪክኛ ሞቶ፣ ከነመጨረሻው የደረቀው ቅርጹ መስተዋድድ ሆኖ ቀረ።

3. ንብርብሮቹ

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ እንግባ። ስምንቱ መጨረሻዎች በአንድ ቀን የመጡ አይደሉም። ከመሠረት እስከ ጣሪያ በአንድ ጊዜ ያልተሠራ ቤትን ግድግዳ ስናይ የትኛው ድንጋይ ቀድሞ፣ የትኛው ብሎኬት ኋላ እንደገባ እንለያለን። እዚህም እንደዚያው ነው።

ሀ) ግዑዝና ሕያው። ህሮዝኒ ኬጢኛን ለመፍታት ከረዱት ዓረፍተ ነገሮች አንዱ ዳቦ ስለመብላትና ውሃ ስለመጠጣት ይናገራል። «ዳቦ» በሱመር ምልክት ተጽፎ «አን» የሚል መጨረሻ ተቀጥሎበታል። ይህች «ን» ቀደም ሲል ያየናት የተሳቢ መጨረሻ ናት። «ውሃ» ግን ዝም ብሎ «ዋታር» ነው፤ የእንግሊዝኛው ዎተር ዘመድ። እሱም ተሳቢ ነው፤ መጨረሻ ግን የለውም። ምክንያቱም ውሃ በኬጢኛ ከግዑዝ ወገን ነው። የግዑዝ ስም ባለቤትም ሆነ ተሳቢ አንድ መልክ አለው።

ይህ የኬጢኛ ብቻ አይደለም። ቀንበር በሳንስክሪት ዩጋም፣ በግሪክኛ ዙጎን፣ በላቲን ዩጉም ነው፤ ባለቤት ሲሆንም ተሳቢ ሲሆንም ያው ነው። ልብ በሉ፤ መጨረሻው የነስብ «ም» ነው። ቀንበር ሁልጊዜ መንሱብ እንደሆነ የቀረ ይመስላል።

ለምን? አማርኛችን ፍንጭ ይሰጠናል። «መጽሐፍ ገዛሁ» እንላለን፤ «መጽሐፉን ገዛሁ» ስንል ግን «ን» ትገባለች። ቋንቋ ምልክት የሚያደርገው ሁሉም ቦታ ሳይሆን በሚያስፈልግበት ቦታ ነው። ሰውና አውሬ ይመታሉም ይመታሉም፣ አድራጊውን ከተደራጊው መለየት ያስፈልጋል። ቀንበር ግን ይጠመዳል እንጂ ማንንም አይጠምድም። የኔዘርላንዱ ምሁር ኡለንቤክ እ.ኤ.አ. በ1901 ከዚህ ተነስቶ፣ «ስ» በመጀመሪያ የማንኛውም ባለቤት ሳይሆን የአድራጊ ብቻ ምልክት ነበረች የሚል ሐሳብ አቀረበ። ኬጢኛ ይህን ስሜት ጠብቃለች። ውሃ አድራጊ ሆኖ ሲመጣ «ዋታር» ማለት አይበቃም፤ «አንዛ» ተጨምሮበት «ዌተናንዛ» ይሆናል።

ለ) አናባቢው የሚጠፋባቸው ስሞች። በግሪክኛ አባት ፓቴር፣ አባትን ፓቴራ፣ የአባት ደግሞ ፓትሮስ ነው። በሦስተኛው ላይ የድምፁ ጫና ወደ መጨረሻው ስለሄደ መካከለኛው አናባቢ ጠፋ። ይህ ስለ ዕድሜ ይነግረናል። «ኦስ» አናባቢውን እንዲጠፋ ካደረገች፣ አናባቢው በጠፋበት ዘመን እሷ ቀድማ ቦታዋን ይዛ ነበር ማለት ነው። እንደ ሉኮስ ያሉ ስሞች ግን ሥራቸው አይነቃነቅም፤ መጨረሻው ብቻ ይለወጣል። ስለዚህ የነሉኮስ ክፍል ኋላ የመጣ አዲስ ክፍል ነው ተብሎ ይታሰባል።

ሐ) የቦታዋ «ኢ»። በጥንቱ የቬዳ ሳንስክሪት «በቀን» ለማለት «አሃኒ» ይባላል፤ ያለ ምንም መጨረሻ «አሃን»ም ይባላል። ያለ መጨረሻ ያለው ቀዳሚው እንደሆነ ይታመናል። «ኢ» ደግሞ በግሶች ላይም ትገኛለች፤ የአሁን ጊዜን ከኃላፊ የምትለየው እሷ ናት። ስለዚህ ብዙዎች «እዚህ፣ አሁን» የሚል ትርጉም የነበራት ትንሽ ቃል ነበረች ይላሉ። በስም ላይ ተለጥፋ ቦታን፣ በግስ ላይ ተለጥፋ አሁንን አመለከተች።

መ) የ«ስያ» ጉዳይ። «የተኩላ» በሳንስክሪት ቭርካስያ ነው። በኬጢኛ ግን በዚህ ዓይነት ስሞች ላይ የዘርፍ መጨረሻ «አስ» ብቻ ስለሆነ ከባለቤቱ አይለይም። ኬጢኛ ከእናት ቋንቋው ቀድማ የተለየች ናት የሚለውን አብዛኞቹ ምሁራን ስለሚቀበሉ፣ «ያ» የተጨመረችው እሷ ከሄደች በኋላ፣ መምታታቱን ለማስቀረት ነው ማለት ይቻላል። በላቲን ይህ መጨረሻ በታወቁት መጻሕፍት ውስጥ የለም። እ.ኤ.አ. በ1977 ግን ከሮም ደቡብ ሳትሪኩም በተባለ ቦታ ከክርስቶስ ልደት በፊት 500 ገደማ የተቀረጸ ድንጋይ ተገኘ። ድንጋዩ ላይ የሰው ስም «ኦስዮ» በሚል የዘርፍ መጨረሻ ተጽፏል።

ሠ) የብዙ ቁጥር መጨረሻዎች። «ለተኩላዎች» በሳንስክሪት ቭርኬብያስ ነው፤ «ለአባቶች» በላቲን ፓትሪቡስ ነው። በሁለቱም «ብ» አለች። ወደ ጎቲክ ስንሄድ ዉልፋም፣ ወደ ሊቱዌንያኛ ስንሄድ ቪልካምስ ነው፤ «ም» እንጂ «ብ» የለም። በነጠላው ባለቤትና ተሳቢ ላይ ሁሉም ሲስማሙ እዚህ ዘጋቢዎቹ ለሁለት ተከፈሉ። የዘገባ ልዩነት ትርጉም አለው። የጋራ ዘመኑ ሲያበቃ ይህ የእርባታው ክፍል ገና አልጸናም ነበር፤ አንዱ ወገን በ«ብ»፣ ሌላው በ«ም» ጨረሰው።

ረ) ሙአነስ። ኬጢኛ ውስጥ ሕያውና ግዑዝ እንጂ ወንዴና ሴቴ የለም። በሌሎቹ የሴቴ መጨረሻ ረዥም «ኣ» ነው። የሚገርመው የግዑዝ ብዙ ቁጥርም በ«አ» መጨረሱ ነው። በላቲን ፑዌላ አንዲት ልጃገረድ ናት፤ ቤላ ግን ጦርነቶች ነው። እ.ኤ.አ. በ1889 ዮሐነስ ሽሚት ይህ የግዑዝ ብዙ ቁጥር በመሠረቱ የስብስብ ስም ነበር ሲል አስረዳ። ማስረጃው በግሪክኛ አለ። «እንስሳቱ ይሮጣሉ» ለማለት ግሪኮች «ታ ዞኣ ትሬኼይ» ይላሉ፤ ግሱ ነጠላ ነው፤ እንስሳቱ «ይሮጣል» እንደ ማለት። ዓረብኛም «አል-ሐየዋናቱ ተጅሪ» ስትል ግሱን ለአንዲት ሴት እንደሚነገር አድርጋ ነው። «ሰሃባ» እና «አሳቲዛ» የሚሉትንም አስቡ። ወንዶችን የያዙ የስብስብ ስሞች ሆነው ሳለ መጨረሻቸው ታእ መርቡጣ ነው።

ከስብስብ ወደ ሴቴ መሻገር በዓይን የታየ ነገር ነው። በላቲን ፎልያ ቅጠሎች ማለት ነበር፤ በጣልያንኛ ፎልያ አንዲት ቅጠል፣ የሴት ጾታ ሆናለች። ስለዚህ ብዙዎች ሙአነስ በጥንተ ቋንቋው ከስብስብ ስም ኋላ ያደገ ነው ይላሉ።

4. ሂደቱ በጽሑፍ የታየበት

«ቃል እንዴት መጨረሻ ይሆናል?» ለሚል ጠያቂ ጥሩው መልስ ፋርስኛ ነው። በንጉሥ ዳርዮስ ዘመን በድንጋይ የተቀረጸው ጥንታዊ ፋርስኛ የእርባታ መጨረሻዎች ነበሩት። በውስጡም «ራዲ» የሚል ቃል ነበር፤ ትርጉሙ «ስለ፣ ምክንያት» ነው። ዘመናት ሲያልፉ መጨረሻዎቹ ተበልተው አለቁ። «ራዲ» ግን «ራይ»፣ ኋላም «ራ» ሆኖ የተሳቢ ምልክት ሆነ። ዛሬ ፋርስ «ኬታብ ኸሪደም» ሲል መጽሐፍ ገዛሁ ማለቱ ነው፤ «ኬታብ ራ ኸሪደም» ሲል መጽሐፉን ገዛሁ ማለቱ ነው። ልክ እንደ አማርኛው «ን»። አሮጌው ረገፈ፣ ራሱን የቻለ ቃል ደግሞ ምልክት ሆነ። የዓረብኛን ነህው በ«አል-ኪታብ» ያደራጁት ታላቁ ዓሊም ሲበወይህ (ረሒመሁላህ) ፋርሳዊ ነበሩ። በእሳቸው ዘመን የአገራቸው ቋንቋ የጥንቱን የስም መጨረሻዎች ጥሎ ነበር፤ የዓረብኛን ኢዕራብ ግን እስከ ዛሬ ከእሳቸው እንማራለን።

5. የቂንና ዘን

አሁን ያልነውን እንመዝን። ባለቤት በ«ስ»፣ ተሳቢ በ«ም» መጨረሱ፣ የግዑዝ ስም ባለቤትና ተሳቢ አንድ መሆናቸው፣ በብዙ ቁጥር ላይ የ«ብ» እና የ«ም» ልዩነት መኖሩ፣ እነዚህ በጽሑፍ የሚታዩና ክርክር የሌለባቸው ናቸው። የ«ስያ» መዘግየትና የግዑዝ ብዙ ቁጥር ከስብስብ መምጣቱ ጠንካራ ማስረጃ ያላቸው መደምደሚያዎች ናቸው። «ስ» የአድራጊ ምልክት ነበረች፣ «ኢ» «እዚህ» ማለት ነበረች የሚሉት ግን ራጂሕ ቢመስሉም ዘን ናቸው። ሙአነስን በተመለከተም ኬጢኛ ነበራት፣ ኋላ ጠፋባት የሚሉ ምሁራን አሉ።

ዓረብኛና ጥንተ ቋንቋው በሙሰና፣ በኢዕራብና በስብስብ ስም አያያዝ መገናኘታቸውም ዝምድናን አያረጋግጥም። የሰው ልጅ አንድ ዓይነት ችግር ሲገጥመው ተመሳሳይ መፍትሔ ያገኛል። በሁለት አገር ያሉ መሐንዲሶች ሳይተዋወቁ አንድ ዓይነት ድልድይ እንደሚሠሩት ማለት ነው። የዓረብኛ መጨረሻዎች እውነተኛ ዘመዶች ያሉት በሴም ቋንቋዎች ዘንድ ነው። በባቢሎን አካድኛ ንጉሥ ሸሩም፣ ሸራም፣ ሸሪም ይላል፤ ኡ፣ አ፣ ኢ። በግዕዝም «ንጉሥ» ተሳቢ ሲሆን «ንጉሠ» ይሆናል፤ ያች «አ» የነስቧ ፈትሃ እህት ናት። ለዓረብኛ ክብር ስንል በሕግ ያልተረጋገጠ ዝምድና መፍጠር አያስፈልገንም፤ ያላት ዝምድና ይበቃታል።

ለሐለቃ ውይይት

1. የሰማችሁትን አንድ «ከዓረብኛ የመጣ» የሚባል የእንግሊዝኛ ቃል ውሰዱ። የድምፅ ሕግ ይደግፈዋል ወይስ መመሳሰል ብቻ ነው?
2. አማርኛ «ን»ን የምታስገባባቸውንና የምትተውባቸውን አሥር ዓረፍተ ነገሮች ጻፉ። ምልክቱ የሚያስፈልገው መቼ ነው?
3. በዓረብኛ በታእ መርቡጣ የሚጨርሱ፣ ነገር ግን ብዙ ሰዎችን የሚያመለክቱ ስሞችን ፈልጉ።

አላህ የሚጠቅመንን ዒልም ይስጠን፤ ባወቅነውም ይጥቀመን። ወላሁ አዕለም።